ከብት መስለን ወንዝ የተሻገርን ዕለት

አራውካ ወንዝ ዳር፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1819

ውድ አባቴ፣

«ካራካስ ሕግ ተምሮ የተመረቀ ልጅ ከከብት ነጂዎች ጋር ምን ይሠራል?» ሳይሉ የዋሉበት ቀን እንደሌለ አውቃለሁ። ከንጉሡ ገዢ ያስገኙልኝ ምሕረት ደርሶኛል፤ እስከ ፋሲካ እጄን ከሰጠሁ ቤቴ እገባለሁ። ከመልሴ በፊት ግን የትናንቱን ልንገርዎ።

የንጉሡ ጦር ጀልባዎቹን በሙሉ ወደ ራሱ ዳር ጎትቶ፣ ወንዙን እንደ ግንብ ተማምኖ፣ በጠራራ ፀሐይ ምሳ ይቀቅል ነበር። እኛ ሃምሳ አማፂ ፈረሰኞች ማዶ ነን። አለቃችን ሲሪያኮ፣ ዕድሜውን ሙሉ ከብት ሲነዳ የኖረ ሰው፣ «ኮርቻ አውርዱ!» አለ። እኔ ብቻ አላወረድኩም፤ እርስዎ ለምረቃዬ የሰጡኝ ነዋ!

«ዶክተር፣ ኮርቻህ ዋና ይችላል?» አለኝ፤ ሕግ ስለተማርኩ እንዲህ ነው የሚጠራኝ። ሁሉም ሳቁ።

ልብሳችንን አውልቀን ሁለት መቶ ከብት ወደ ውሃው ነዳን፤ እኛም የፈረሶቻችንን ጋማ ይዘን መሃላቸው ተደበቅን። ሲሪያኮ እንደ ከብት ነጂዎች ልማድ የበሬ ቀንድ ራሱ ላይ አስሮ፣ የከብት ማሻገሪያውን ዘፈን እያንጎራጎረ ከፊት ይዋኛል። ከብቱ ድምፁን ነው የሚከተለው።

መሃል ላይ ኮርቻዬ ውሃ ጠጣ። ፈረሴ መስመጥ ጀመረ። ሲሪያኮ ተመልሶ የኮርቻውን ጠፍር በቢላዋ በጠሰልኝ። ዘፈኑ ግን ተቋርጦ ነበርና ከብቱ መዞር ጀመረ፤ በእኔ ምክንያት ሃምሳ ሰው ሊያልቅ ነው! እሱ አንዴ ተነፈሰና ካቆመበት ስንኝ ቀጠለ። ቀንዱ ሁሉ እንደ አንድ ሰው ወደ እሱ ዞረ። አባቴ፣ እንዲህ ያለ ነገር በመጽሐፍ አላነበብኩም።

«ምሳ መጣ!» እያሉ ወታደሮቹ ጠመንጃቸውን ጥለው፣ ገመድ ይዘው ወረዱ። ከቀንዶቹ መሃል ራቁታችንን፣ ኮርቻ በሌለው ፈረስ ላይ ሆነን ወጣንባቸው። ድስታቸው ሳይወርድ ሰፈሩ የእኛ ሆነ። አንድ ምርኮኛ፣ «እናንተ ሰዎች ናችሁ?» አለኝ።

ሲሪያኮን ማታ ይቅርታ ብጠይቀው፣ «ነገ ዘፈኑን አስተምርሃለሁ» ብሎ ተኛ።

አንድ ቀን የዚህችን አገር ሕግ የምንጽፈው እኛ ነን። እነዚህን ሰዎች ያላየ እንዴት ይጽፈዋል? ስለዚህ ምሕረቱን ከዚሁ ደብዳቤ ጋር መልሼዋለሁ። ከፋሲካ በፊት የንጉሡን ጦር ለመውጋት ተራራውን እንሻገራለን እየተባለ ነው።

እናቴን ይሳሙልኝ። እግዚአብሔር ጤናዎን ይጠብቅልኝ። ደብዳቤውን ያደረሰልዎ ነጋዴ ሁለት ቀን ይቆያል፤ ይጻፉልኝ። ከተቆጡም ተቆጥተው ይጻፉ፤ ብቻ «ልጄ» ብለው ይጀምሩ።

ኢልዴፎንሶ