የወይዘሮ ይደገም ዓይን እና አሥራ አራቱ ፎቶዎች

የሥራ ባልደረቦቻቸው ባወጡላቸው ስም ሲጠሩ የኖሩት፣ ዛሬም በዚሁ ስም የምንሸኛቸው ወይዘሮ ይደገም፣ ከሰዓት ጠጋኙ አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው ጥቅምት 9 ቀን 1949 ዓ.ም. ከሰዓት መጠገኛው ሱቅ ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ተወለዱ። ቀኑን አባታቸው በአንድ የሰዓት ካርቶን ጀርባ ጽፈውታል፤ ካርቶኑም አለ። መሥሪያ ቤታቸው አዘጋጅቶ የላከው የሕይወት ታሪክ ግን በኅዳር ተወለዱ ይላል። ስሕተት ነው። ስሕተቱ ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር።

ይህን ታሪክ ታላቅ እህታቸው እየተናገሩ የሟቿ ልጅ ጽፋዋለች። መሥሪያ ቤቱ «እናንተ ሐዘንተኞች ናችሁ፣ አትድከሙ፣ እኛ ጽፈናል» ብሎ በአንድ ገጽ የተተየበ ወረቀት ልኮ ነበር። ታላቅ እህታቸው ፊደል አልቆጠሩም። ሲነበብ ግን የተዘለለውን ይሰማሉ። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አስነበቡ፤ ሁለቱንም ጊዜ አንድ ዓመት ከሰባት ወር ጎደለ። የሰው ዕድሜ መሐሉ ተቀዶ ዳርና ዳሩ አይሰፋም፤ ስለዚህ ወረቀቱ ተመለሰ።

ወይዘሮ ይደገም ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ያላዩትን አያምኑም ነበር። አባታቸው ዓይናቸው ላይ የሚሰኳትን ማጉያ መነጽር እየሰረቁ ያገኙትን ሁሉ ያዩ ነበር። በስድስት ዓመታቸው የጎረቤቱን ባለሱቅ ስኳር በማጉያው አይተው «አሸዋ አለበት» ብለው ገበያተኛ ፊት ተናገሩ። ባለሱቁ መጥተው «ይቺን ልጅዎን ሱቄ በር ላይ እንዳላያት» ሲሉ አባታቸው በሳቅ ፈረሱ። ስኳሩን ግን ከዚያ ወዲህ ከሌላ ሱቅ ገዙ።

በ1956 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ገቡ። በዓመቱ አባታቸው በድንገት አረፉ፤ የእናታቸውም ዓይን በስፌት ደክሞ ነበርና የስፌት መኪናውን ታላቅ እህታቸው ተረከቡ። ታናሽየዋ እንዲማሩ ታላቅየዋ ፔዳል ረገጡ። ይህ የተጻፈው ለውለታ ቆጠራ አይደለም። ኋላ የመጣው ነገር ያለዚህ ስለማይገባ ነው። ወይዘሮ ይደገም በዚያ መኪና ሥር ተቀምጠው ሲያጠኑ ቀሚሳቸው ሁልጊዜ የክር ቁርጥራጭ አያጣውም ነበር። የክፍል ጓደኞቻቸውም «የክር ቋጠሮ» ይሏቸው ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በ1968 ዓ.ም. ጨርሰው በላብራቶሪ ሙያ ሠልጥነው በ1971 ዓ.ም. ተመረቁ። በዚያው ዓመት ሆስፒታል ተቀጥረው ለአሥራ ሁለት ዓመት ደም፣ ሽንትና ሰገራ ሲመረምሩ ኖሩ። ቅጽል ስማቸውን ያገኙትም እዚያ ነው። ያልጣማቸው ውጤት ሲመጣ ወረቀቱን በሁለት ጣታቸው ይዘው «ይደገም» ይላሉ። ሐኪም ይቆጣል፣ አስታማሚ ያለቅሳል፣ እርሳቸው ጆሮ ዳባ ልበስ። ከአሥሩ ስምንቱ ሲደገም ያው ይወጣል። ሁለቱ አይወጣም። የሁለቱ ሰዎች ዘመዶች ዛሬ እዚህ መካከላችን ይኖሩ ይሆናል።

በ1974 ዓ.ም. ከአምቡላንስ ሾፌሩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። ሾፌሩ «አግቢኝ» ብለው በጠየቋቸው ቀን የተሰጣቸው መልስ «ይደገም» ነው። ምስኪኑ ሰው ሳምንት ቆይተው ተመልሰው ያንኑ ቃል ደገሙ። ወይዘሮ ይደገም ለታላቅ እህታቸው «እትዬ፣ ሁለቱ ገጠመ፤ ነጭ ውሸት ቢሆን አንዱ ቃል ይዛነፍ ነበር» አሏቸው። ከዚህ ጋብቻ ሴት ልጅና ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው በ1999 ዓ.ም. ቀድመዋቸው አረፉ።

በ1983 ዓ.ም. የእንስሳት ክትባት ወደሚመረትበት ተቋም ተዛወሩ። ሥራቸው በጠርሙስ ውስጥ ሕዋስ ማሳደግ ነበር። ሕዋስ ማለት በዓይን የማይታይ የሥጋ ፍርፋሪ ነው፤ ክትባቱ የሚሠራው በርሱ ላይ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ሻጋታ ከገባ ሁሉም ይደፋል፣ ክትባትም የለም፣ ከብት ያልቃል። ሕዋሱ የሚያድገው የጠርሙሱ ወለል ላይ ተጣብቆ ስለሆነ ከላይ የሚያይ ማይክሮስኮፕ አይደርስበትም። እነርሱ የሚጠቀሙበት የተገለበጠ ነው፤ መብራቱ ከላይ፣ ሌንሱ ከታች። ሰውን በጫማው ሥር ሆኖ እንደማየት ነው። ወይዘሮ ይደገም በአሮጌው ማይክሮስኮፕ ሃያ ዓመት አይተዋል። በነዚያ ሃያ ዓመታት በርሳቸው እጅ የተበላሸ ጠርሙስ በጣት ይቆጠራል።

በኅዳር 2003 ዓ.ም. አዲሱ መጣ። ካሜራ ያለው፣ ያየውን ወደ ኮምፒውተር የሚልክ። የክፍሉ ኃላፊ ካሜራውን ለሌላ አላስነካም ብለው በገዛ እጃቸው ገጠሙት። ከዚያ ወዲህ ኃላፊው ወንበራቸውን ሳይለቁ ጠርሙሱን በስክሪን ማየት ጀመሩ። በስክሪኑም ቀኝ ትከሻ ላይ ጠቆር ያለ፣ ጭራ ያለው ነገር ታየ። «ሻጋታ ነው» አሉ። ወይዘሮ ይደገም በማይክሮስኮፑ የዓይን ማያ አጎንብሰው አዩ፤ ምንም የለም። «ይደገም» አሉ። ተደገመ፤ በስክሪን አለ፣ በማያው የለም። ኃላፊው ሰው ፊት «ካሜራው አዲስ ነው፤ ያረጀው የእርስዎ ዓይን ነው» አሏቸው። ክፍሉ በሙሉ ዝም አለ። ዝም ያሉትን ታላቅ እህታቸው አንድ በአንድ ያውቋቸዋል።

ንጹሕ ጠርሙሶች ተደፉ። መጋቢት 2003 ዓ.ም. «የእጅ ንጽሕና ጉድለትና የዕይታ መድከም» የሚል ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈባቸው፤ አሥራ አራት ፎቶ ማስረጃ ተብሎ ተያያዘ። እርሳቸውም ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደቡ። ጓንትና ሳሙና ያድሉ ጀመር። መሥሪያ ቤቱ በላከው ወረቀት ላይ የጎደለው አንድ ዓመት ከሰባት ወር ይህ ነው።

እርሳቸው ከሄዱም በኋላ ጭራ ያለው ነገር አልጠፋም። «ትተውት የሄዱት ነው» ተባለ። ሰው ሁሉን ሲጠረጥር ኖሮ የሚጠረጥረው ሲያልቅበት ወደ ራሱ ይዞራል። ወይዘሮ ይደገም መጀመሪያ በቦታቸው የተተካችውን ባልደረባቸውን ጠረጠሩ። ከዚያ የጽዳት ሠራተኛዋን ጠረጠሩ። ከዚያ እጃቸውን ጠረጠሩ፤ እስኪሰነጠቅ አጠቡት። በመጨረሻ የጠረጠሩትን ለመናገር ይከብዳል፤ ግን ተደርጓል። የጠረጠሩት የታላቅ እህታቸውን ቤት ነው። ከስፌት መኪናው የሚቦን የክር ብናኝ በልብሳቸው ገብቶ ላብራቶሪ ድረስ የሄደ መሰላቸው። የክር ቋጠሮ የሚለው የልጅነት ስድብ ዞሮ ልባቸው ውስጥ ገባ። ለስድስት ወር የእህታቸውን ደጃፍ አልረገጡም። ምክንያቱንም አልተናገሩም።

ታላቅ እህታቸው ስድስት ወር የሚታገስ አንጀት የላቸውም። በመስከረም 2005 ዓ.ም. አንድ ቀትር ላይ ሄደው በሩን በቡጢ ደበደቡ። «ምን በድዬሽ ነው ፊት የነሳሽኝ?» ሲሏቸው ወይዘሮ ይደገም የማስጠንቀቂያውን ፖስታ አመጡ። ጠረጴዛው ላይ አሥራ አራቱን ፎቶ ዘረገፉና «እትዬ፣ ይህ ክር ያንቺ ይመስለኛል» አሉ። ይህን ቃል ከእናት ልጅ አፍ መስማት ምን እንደሚመስል ያልሰማው አያውቀውም።

ታላቅ እህታቸው አላለቀሱም። ፎቶዎቹን ሰብስበው፣ ልብስ የሚቆረጥበትን ቅድ እንደሚያመሳስሉ ጠርዝ ከጠርዝ ደራርበው፣ ሁለት ሁለቱን እያደረጉ የመስኮቱ መስታወት ላይ በብርሃን ያዩአቸው ጀመር። ሕዋሱ በየፎቶው ቦታውን ይቀያይራል። ጭራው ንቅንቅ አይልም። አሥራ አራቱም ላይ አንድ ቦታ፣ አንድ ቅርጽ፣ ጭራውም ወደ አንድ ጎን።

«እንከኑ የጨርቁ ቢሆን ጨርቁ ሲዞር አብሮ ይዞር ነበር» አሏቸው። «አሥራ አራት ልብስ ላይ አንድ ቦታ የሚወጣ እንከን የቅዱ ነው። ጠርሙስሽን ተዪና የሚያየውን እዪ።»

ወይዘሮ ይደገም ፎቶዎቹን ወደ ፖስታው መለሱ። ከዚያ ያችን ቃላቸውን አሉ።

በማግስቱ የመሣሪያ ጠጋኙን ለምነው ማይክሮስኮፑ ላይ ምንም ጠርሙስ ሳይቀመጥ ፎቶ አስነሱ። ባዶው ፎቶ ላይ ጭራው አለ። ጠጋኙ ካሜራውን ፈትቶ ከውስጡ መስታወት ላይ በወረንጦ አንዲት ክር አነሣ። ሰማያዊ ነበረች። ወይዘሮ ይደገም እሷንም ዝም ብለው አላመኑም፤ ከእህታቸው መኪና ሥር የለቀሙትን ክር ወስደው ሁለቱን ጎን ለጎን በማይክሮስኮፕ አዩ። የእህታቸው ክር ጥጥ ነው፤ እንደተጠማዘዘ ጥብጣብ ይታያል። የካሜራው ክር እንደ ዓሣ ቅርፊት አለው፤ ሱፍ ነው። ታላቅ እህታቸው በሕይወታቸው ሱፍ ሰፍተው አያውቁም። ካሜራውን በገዛ እጃቸው የገጠሙት ኃላፊ በዚያ ኅዳር መስታወቱን በምን እንደወለወሉት፣ የሹራባቸውም ቀለም ምን እንደነበር እዚህ አይጻፍም። የሚያውቁት እዚህ ቆመዋል።

በዚያው ምሽት ወይዘሮ ይደገም የእህታቸው ቤት መጥተው ከመኪናው ሥር፣ በልጅነት ቦታቸው፣ መሬት ላይ ተቀመጡ። ታላቅ እህታቸውም መስፋታቸውን ቀጠሉ። ይቅርታው ይኸው ነበር፤ በቂም ነበር።

በጥቅምት 2005 ዓ.ም. ወደ ላብራቶሪያቸው ተመለሱ። ኃላፊው ኮሪደር ላይ «አለመግባባት ነበር፣ ይርሱት» አሏቸው። ደብዳቤው ግን ከማህደራቸው አልወጣም። በየዓመቱ «ይነሣልኝ» ብለው ጻፉ፤ በየዓመቱ «ይታያል» ተባሉ። በ2009 ዓ.ም. ዓይነ ደካማና እጀ ቆሻሻ የሚል ወረቀት በስማቸው እንደተቀመጠ ጡረታ ወጡ። ስለ ሌላ ነገር ቢወራ ሆድ ይፍጀው ይሉ ነበር፤ ስለዚህ ግን እስከ መጨረሻው አላሉም።

በጥር 2016 ዓ.ም. ድካም በረታባቸው። ደማቸው ተመርምሮ ክፉ በሽታ ነው ሲባሉ «ይደገም» አሉ። ተደገመ። አላመኑም። ከሠላሳ ሦስት ዓመት በፊት ወደ ለቀቁት የሆስፒታል ላብራቶሪ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ገቡና የራሳቸውን ደም በራሳቸው ዓይን ሊያዩ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሱ። መቶ ሕዋስ ለየብቻ ቆጠሩ። ከዚያ ቀና ብለው «አዎ፣ ነው» አሉ። በላብራቶሪው የምትሠራው ወጣት ባለሙያ ቆጠራና የርሳቸው በሁለት ብቻ ይለያያል። ባለሙያዋ የራሷን እንደገና ስትቆጥር ሁለቱን የሳተችው እርሷ ሆና ተገኘች። ይህ በስልሳ ሰባት ዓመት ዓይን የተሠራ ነው። ማህደር ውስጥ ይግባልን።

ወይዘሮ ይደገም ለአምስት ወር ያህል በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ በቤታቸው፣ ልጆቻቸውና ታላቅ እህታቸው ባሉበት አረፉ።

በማግስቱ ከመሥሪያ ቤቱ ከሐዘን አበባ ጋር አንድ ፖስታ መጣ። ማስጠንቀቂያው መነሣቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ነው፤ ፊርማው የያኔው ኃላፊ፣ ዛሬ ከፍ ብለው የተቀመጡት ሰው ነው። ቀኑ ጥቅምት 20 ቀን 2005 ዓ.ም. ይላል። አሥራ አንድ ዓመት የኖረ ደብዳቤ መሆኑ ነው። ታላቅ እህታቸው ማንበብ ስለማይችሉ በአውራ ጣታቸው ማኅተሙን ዳሰሱት። ጣታቸው ሐምራዊ ሆነ። ለማሳየት እስከ ዛሬ አልታጠቡትም።

ደብዳቤውን የጻፉት ኃላፊ በዚህ ቀብር ላይ ተገኝተዋል። ሟቿ በሕይወት ቢኖሩ ለዚህ ወረቀት የሚሰጡትን መልስ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ አንባቢው እዚህ ላይ ቆም ይበል፤ ኃላፊው ወደፊት ወጥተው የደብዳቤውን ቃል በአፋቸው፣ በዛሬው ቀን ይድገሙት። ከወጡ ቤተሰቡ ያመሰግናል። ካልወጡ አንባቢው ይቀጥል፤ ማን እንዳልወጣ ሕዝቡ አይቷል።

ወይዘሮ ይደገም የአንዲት ሴትና የአንድ ወንድ ልጅ እናት፣ የሦስት ልጆች አያት፣ የአንዲት አሮጊት ልብስ ሰፊ ታናሽ እህት ነበሩ። በሕመማቸው ላስታመማችሁ፣ በሐዘናችን ለቆማችሁ ሁሉ ፈጣሪ ብድራችሁን ይክፈል።

እኛ ከታችም ከላይም ብናያቸው ንጹሕ ሆነው አግኝተናቸዋል። ክር የማይገባበት ዓይን ያለው አምላክ ነፍሳቸውን አይቶ ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን። እጃቸው ይረፍ፣ ዓይናቸው ይረፍ። ከእንግዲህ የሚደገም የለም።