ሮዝ የሆነው አድሬናሊን

ሰኞ
የምሕረት ጡንቻ ዘለለ፤ የእኔ ተኝቶ ቀረ። የቀኑ ታሪክ ይኼው ነው።

ሁለታችንም የእንቁራሪት እግር ጡንቻ ከነነርቩ አዘጋጀን። ነርቩን በኤሌክትሪክ ደጋግመን ነካን፣ ጡንቻው እስኪዝል። ከዚያ አድሬናሊን ጠብ። ከኩላሊት በላይ ያለችው ዕጢ ስንደነግጥ የምትረጨው ሆርሞን የዛለውን ይቀሰቅሳል። የምሕረትን ቀሰቀሰ። አብረን ተመርቀን፣ እዚህ ቤተ ሙከራ በነጻ አብረን እያገለገልን፣ ለምን ሁልጊዜ እሷ?

"ዓርብ አንዳችሁ ለተማሪዎች ታሳያላችሁ" አሉ የቤተ ሙከራው ኃላፊ ዶክተር። "ለረዳትነት ሥራ የድጋፍ ደብዳቤ የምጽፈውም ለዚያ ሰው ነው።"

ማክሰኞ
የእኔም ተነሳ! ትንሽ፣ ግን ተነሳ። ወዲያው ጡንቻውን ያንጠለጠልኩበት ክር ሾለከና ወደቀ።

"አንተ፣ ይኼ እኮ የፍየል ገመድ አይደለም" ብላ ሳቀች ምሕረት። አባቷ ደጋው ኦቾሎ ላይ ሸማኔ ናቸው፤ ክር ስትቋጥር ነው ያደገችው።

የምቀናባት፦ ጣቶቿ። ሳቋ። ዶክተር እሷን በስሟ ይጠሯታል፣ እኔን "አንተ ልጅ"።

ከሰዓት መብራት ጠፋ፤ ፍሪጁ ሞቀ። የአድሬናሊን ጠርሙሴን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ጥግ መሬት ላይ አስቀመጥኩ። እሷ የራሷን መስኮት ላይ።

ረቡዕ
ከሰዓት ማንም አልነበረም። ያሳፍራል፣ ግን ጠርሙሷን ከፈትኩ፤ የተለየ ነገር ጨምራበት እንደሆነ ለማየት። ጠርሙሱ ቡናማ ስለሆነ ከውጭ አያስታውቅም። በጠብታ መስጫው ስስበው ግን፣ ውሃ መምሰል ሲገባው፣ ሮዝ ሆኗል። ፀሐይ አበላሽቶታል! ኦቾሎ መስኮት ላይ የዋለ ነገር ይበርዳል፤ አርባ ምንጭ ይቀቀላል። ቆላ መሆኑን ረስታ።

ዘግቼ መለስኩት። ዝም።

ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ ወደ ላይኛው ሴቻ ዳገቱን በእግሬ ወጣሁ፤ ድካም የለም። የገዛ ዕጢዬ ሥራ ላይ ናት።

ሐሙስ
ልምምድ። የእኔ ተነሳ። የእሷ ሦስት ጊዜ እምቢ አለ። ዶክተር ሰዓታቸውን አይተው ወጡ። የምመኘው ይኼን አልነበር?

ምሕረት ጓንቷን አወለቀች። "ነርቩን እየጎዳሁት ነው መሰለኝ። እጄ ነው። አንተ አሳይ፣ እኔ አገሬ ልግባ።"

እጇ! ያ እጅ!

አፌ ቀደመኝ። "እጅሽ አይደለም። አድሬናሊኑ ነው፣ ሮዝ ሆኗል።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?"

"ከትናንት።"

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እጇን ብቻ ዘረጋች፤ ጠርሙሴን ሰጠኋት። አንድ ጠብታ። ጡንቻው ዘለለ።

ዓርብ
ጠዋት ዶክተር ፊት ሁለታችንም ከእኔው ጠርሙስ ሞከርን። እሷን መረጡ። ተማሪዎቹ የዛለው ጡንቻ ሲነሳ "ውይ!" አሉ። እኔ ከኋላ ቆሜ አጨበጨብኩ። ቀናሁም፤ አሁንም እቀናለሁ።

ሲያልቅ መጣች። "ይቅር አላልኩህም።"

"ገብቶኛል።"

"እንቁራሪት ግን አልቋል። ሰኞ ኩልፎ ወንዝ ዳር ወርዶ የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ።"

ትእዛዝ ነው ወይስ እርቅ? አልጠየቅኳትም። ቦት ጫማ ከማን እንደምዋስ እያሰብኩ ነው።