የእንጨቱ ልብስ

ሚያዝያ 1 ቀን 1930 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ጧት

የአንዲት ደንበኛዬን ቀሚስ እጅጌ ፈትቼ እንደገና ሰፋሁ። የስፌት መኪናዬ ክር ትበጥሳለች። ዘይት ያስፈልጋታል፤ ዘይት የለም። እማዬ ልደታ ቅዳሴ ሄዳለች።

አቶ ሐርናም መጡ። ደብተሬ፣ እስከ ዛሬ ሳላስተዋውቅሽ መቆየቴ! ጎረቤታችን ናቸው፣ ሕንዳዊ አናጢ፣ ሲክ ከሚባሉት ወገን። ጺማቸው ረጅም፣ ጥምጥማቸው ትልቅ። ዛሬም ከሰንጋ ተራ ገበያ የምትመለስ አንዲት ባላገር ቄስ መስለዋት፣ መስቀል ያሳልሙኝ ብላ ጎንበስ አለች። የያዙት መጋዝ ነው። "እግዜር ይስጥህ" ብለዋት አለፉ። አማርኛቸው ሴት አያውቅም፤ እማዬም እኔም ለሳቸው "አንተ" ነን።

ጨርቅ ይዘዋል፣ ብርቱካን የመሰለ። ረቡዕ በዓላቸው ነው፣ ባይሳኪ። አገራቸው ስንዴ የሚታጨደው አሁን ነው አሉ፤ ከበሮ ይመታል፣ ይጨፈራል። በሚያዝያ አጨዳ! ጸሎት ከሚያደርጉባት ክፍል ፊት ረጅም እንጨት አቁመዋል። በየዓመቱ በዚህ ቀን አሮጌው ጨርቅ ይወልቅለታል፣ በወተት ይታጠባል፣ አዲስ ይለብሳል። "ለእንጨት ልብስ ስፋልኝ" አሉኝ። እማዬ ስትመለስ ነገርኳት። እኛ ራቁታችንን ልንቀር ነው፣ እሳቸው እንጨት ያለብሳሉ ብላ ሳቀች።

ሚያዝያ 3፣ ሰኞ

ጨረስኩ። ቁመቱ የኔን ሦስት እጥፍ። ጠባብ፣ እንደ ረጅም ከረጢት። ክሩን ደራርቤ ነው የሰፋሁት፣ ነፋስ እንዳይቀደው።

ዋጋ አልቀበልም አልኩ። ተቆጡ። ይቆጡ። ባለፈው ዓመት የካቲት፣ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ ቤት ለቤት ሲያቃጥሉ፣ እኔንና እማዬን ከሰጋቱራ ጆንያ ጀርባ ሦስት ቀን የደበቁን እሳቸው ናቸው። እማዬ ባስነጠሰች ቁጥር እሳቸው ውጭ መዶሻ ይመቱ ነበር። በራፋቸው ላይ ቆመው የእንግሊዝ ዜግነት ወረቀታቸውን እያሳዩ መለሷቸው። ለዚህ ሰው አንድ ጨርቅ ምን አላት!

ሚያዝያ 5፣ ረቡዕ፣ 3 ሰዓት

ፕሪታም፣ የአቶ ሐ. ባለቤት፣ በሳህን ጣፋጭ ይዛ መጣች። ቅቤው ይንጠባጠባል። በጾም! እማዬ አመስግና ተቀበለች፤ ለፋሲካ ብላ ከደነችው።

ግቢያቸው ሞቋል። ከየሰፈሩ ወገኖቻቸው መጥተዋል፣ አሥር አይሞሉም። ባለላሞቹም ደስ ብሏቸዋል፤ በዚህ ጾም ወተታቸውን ማን ይገዛቸው ነበር? ልሄድ ነው። የሰፋሁትን ቆሞ ላየው።

እዚያው ቀን፣ 10 ሰዓት

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

እንጨቱ ታጠበ፣ ለበሰ፣ ቆመ። አማረበት። ኮራሁ። ሁለት የጣሊያን ወታደሮች በመንገድ ሲያልፉ አይተው ቆሙ። አስተርጓሚ የላቸውም። በሩ አጠገብ የቆምኩት እኔ ነኝ። አንዱ ወደ ላይ እየጠቆመ ጠየቀኝ። ምንድን ነው ማለቱ ገባኝ። የማውቀው ጣሊያንኛ ጥቂት ነው። አንድ ቃል ግን የነሱም የኛም ነው። ባንዲራ አልኩት። ፈገግ ብዬ!

ባንዲራ? አለ። አልሰማኝም ብዬ ደገምኩለት። ሲ፣ ባንዲራ። ተግባባን ብዬ ደስ አለኝ እኮ። ከነሱ በቀር የማንንም ባንዲራ መስቀል ምን እንደሚያመጣ የማላውቅ ይመስል።

አቶ ሐ. ሮጠው መጡ። ባንዲራ አይደለም፣ የእንጨት ልብስ ነው አሉ፤ በአማርኛ፣ በሕንድኛ፣ በእጃቸው። ማን ይስማቸው። ጨርቁን ቀደው አወረዱት። እሳቸውን ይዘው ሄዱ። ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ ሄዱ፤ ወደ እኔ ዞር አላሉም።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። የኔ አፍ!

ሚያዝያ 6፣ ሐሙስ

አንድ አስተርጓሚ ከወታደር ጋር መጣ፣ ያገራችን ሰው ነው። በየቤቱ እየዞረ ሰፊው ማን ነው ይላል። አቶ ሐ. የእንጨት ልብስ ነው ብለው ከቃላቸው ንቅንቅ አላሉም። እሱ እንደሚለው፣ ሰፊው የጣሊያኖቹ ቢሮ ቀርቦ ምን ተብሎ እንደታዘዘ ከመሰከረ፣ ነገሩ የሃይማኖት ነው ሊባል ይችላል። ምስክር ከሌለ የአመፅ ባንዲራ ነው፤ ከአገር ይባረራሉ። አቶ ሐ. ግን የሰፊውን ስም አልናገርም ብለዋል።

እማዬ በሩ ላይ ቆማ፣ እኛ ቀሚስ እንጂ ሌላ አንሰፋም አለች። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። አንድ እርምጃ ብቻ። አልወጣሁም።

ሲሄዱ ቁርጥራጩን ጨርቅ ሁሉ እሳት ውስጥ ጨመረችው። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም አለችኝ። ክፉ ሆና አይደለም። አምና ለመመስከር ብሎ የሄደው ጎረቤታችን ዲያቆን ይኸው እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ባንዲራ ያልኩት ሳላስብ ነው። ዝም ያልኩት ግን አስቤ ነው።

ሚያዝያ 9፣ ሆሳዕና

ለኛ ሆሳዕና፣ ለጣሊያኖቹ ፋሲካ። ደወላቸው፣ ጡሩንባቸው። ቢሮው ዝግ ነው፤ ነገም አይከፈትም አሉ። ስሰማ ደስ አለኝ። ደብተሬ፣ ይህን ላንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ፣ አፍሬ። ለሁለት ቀን ያልሄድኩት ዝግ ስለሆነ ነው ማለት ቻልኩ።

ሚያዝያ 11፣ ማክሰኞ

ዛሬ ክፍት ነበር። አልሄድኩም።

ፕሪታም በየቀኑ ምሳ ይዛ እስር ቤት ትመላለሳለች። ስትመለስ በራችን ላይ ቆመች። ልትወቅሰኝ ነው ብዬ ጠበቅኋት። አማርኛዋ የባሏ ነው። "እሱ ይላል፣ አንተ አትፍራ" አለችኝ፤ ትከሻዬን ነካ አድርጋ ሄደች። ምነው በሰደበችኝ!

ሚያዝያ 13፣ ጸሎተ ሐሙስ

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። አርባ ስግደት አዘዙኝ። ስለ ቢሮው ስጠይቃቸው፣ ልጄ፣ ላንቺ ደግሞ ልናለቅስ ነው ወይ አሉኝ። ቀለለኝ። ቤት እስክደርስ ቀለለኝ።

ከዚያ ፕሪታም ዕቃ ስትጠቀልል አየሁ። ቅዳሜ በባቡር ወደ ጅቡቲ ይልኳቸዋል። ሳንቃው፣ መጋዙ፣ ቤቱ ይወረሳል። ወጣት ሆነው የመጡበት አገር ነው፤ አሁን ጺማቸው ነጭ ነው። እኔ ነኝ ያስወጣኋቸው። እኔ ነኝ።

ሚያዝያ 14፣ ስቅለት፣ 9 ሰዓት

ቤ/ክ ነበርኩ። ሃያ ስምንተኛው ስግደት ላይ ቆምኩ። ስግደቱ ለኔ ነፍስ ነው፤ ለአቶ ሐ. ምን ይፈይዳል? ባቡሩ ነገ ነው። እማዬ ግንባሯን መሬት ላይ እንዳደረገች ትቻት ወጣሁ።

ለጣሊያኖቹ ዛሬ ተራ ዓርብ ነው። ቢሮው እስከ 11 ክፍት ነው። የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ባንዲራ ያልኩትም እኔ ነኝ፣ እሳቸው ያዘዙኝ ልብስ ነው እላለሁ። ማዪ ካሉኝ እምላለሁ። ማሰር ከፈለጉ ይሰሩኝ። በጣም ፈርቻለሁ። አፌ ደርቋል፣ ጾሙ ብቻ አይደለም። ቢሆንም እሄዳለሁ።

እማዬ! ከመንገዱ ስሜን እየጠራች ነው። ካየችኝ ታለቅሳለች፤ ካለቀሰች እቀራለሁ፣ ራሴን አውቀዋለሁ። በነፕሪታም ግቢ በኩል ሾልኬ ልውጣ።