የሳንባዬ ጎረቤት

ሐሙስ፣ የካቲት 5

ከቤት እስከ ፒያሳ ዳገቱን በሁለት ዕረፍት ወጣሁ። ባለፈው ሳምንት ሦስት ነበር። ከሁለቱ አንዱ አንዲት ወይዘሮ ጫማ ስትለካ ለማየት የቆምኩት ነው፤ እሱ አይቆጠርም... እንግዲህ አንድ ዕረፍት።

ዘርኡ ወርቅ ቤቱ ባንኮኒ ጋ ቆሞ ጠበቀኝ። አርባ ዓመት ጎን ለጎን ወርቅ ሠርተናል፤ ከሁለታችን የተሻለው አንጥረኛ እኔ እንደሆንኩ እስከ ዛሬ አላመነም። "ሳንባህ እንዴት ነው?" አለኝ። "የታችኛውን ፎቅ አፍርሰው የላይኞቹን ተዉልኝ" አልኩት። ሰሞኑን ፒያሳ ላይ ከታች አፍርሶ ከላይ የሚተው የኔ ሐኪም ብቻ ነው።

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ሔርሜላ ናት፣ የልጄ የሊሊ ልጅ፣ ባንክ የምትሠራው። "አቦይ፣ ለሳንባህ በቀን ስንቴ ፊኛ እንደነፋህ ጻፍበት" ብላ። ዛሬ አልነፋሁም። ይኸው ጻፍኩ።


ሰኞ፣ የካቲት 9

ሁዳዴ ገባ።

እዚህ ብቻ ልጻፈው። ጥቅምት ላይ አልጋውን እየገፉ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ሲያስገቡኝ ተስያለሁ። "ከዚህ አልጋ በእግሬ ከወረድኩ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፣ ውሃ እንኳ አልቀምስም" ብዬ። ማንም አልሰማም። ሰው ሲፈራ እንዴት ለጋስ ይሆናል...

ሊሊ ብታውቅ ዛሬውኑ ሐኪሙ ጋ ትደውላለች። "የታመመ ሰው ሰዓት አይጾምም" ብላ ቂንጬ በዘይት ሠርታ፣ ክዳን ደፍታ ወደ ሥራዋ ሄደች። ቂንጬውን ለረይሀና ዶሮዎች በተንኩት። ረይሀና ጎረቤቴ ናት፣ አንድ ግቢ ነን፤ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ የጨርቅ ሱቅ አላት። ዶሮዎቿ አንድም ጥያቄ አላነሡም።

አንዲት የጨጓራ ኪኒን አለችኝ። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ቁርስ ሊበላ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ነው የታዘዘችው። ያለ ውሃ በምን ትውረድ? ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከሽሮው በላይ ዋጥኳት። ኪኒን ሰዓት ያያል እንዴ?


ዓርብ፣ የካቲት 13

ሳል።

ትናንትም ነበር። ረቡዕም። ሽሮውን እስክጠግብ እበላለሁ፣ ጋደም እላለሁ፣ ይመጣል። ደረቅ፣ ጉሮሮ የሚቧጥጥ።

አውቀዋለሁ ይህን ሳል። አምና ክረምት ላይ የጀመረኝ እንደዚሁ ነበር። ጉንፋን ነው እያልን ቆየን ቆየንና፣ ሐኪሙ ፎቶውን ብርሃን ላይ ሰቅሎ ዝም አለ። ያ ዝምታ... ዕጢው ተመለሰ ማለት ነው?

ሊሊ ከሥራ ስትገባ ትራስ አፌ ላይ ይዤ ነበር። "ምን ሆነሃል?" "ትራሱን እያሸተትኩ ነው፤ መታጠብ አለበት።" ወዲያው ወስዳ አጠበችው። ዛሬ ያለ ትራስ ልተኛ ነው።


እሑድ፣ የካቲት 15

ዛሬ አልሳልኩም። ትናንትም። ሄደልኝ መሰለኝ።


ማክሰኞ፣ የካቲት 17

ሰኞ ተመለሰ። ዛሬም አለ።


እሑድ፣ የካቲት 22

ትናንትና ዛሬ ደግሞ የለም።

እስቲ ረጋ ብዬ ላስብ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ያስለኛል፣ ቅዳሜና እሑድ ያርፋል። የመንግሥት ሠራተኛ ነው? ያ በሽታ አምና እንዲህ ያለ ትሕትና አልነበረውም። በዓል አያውቅ፣ ሰንበት አያውቅ።

ቅዳሜና እሑድ ምን የተለየ አደርጋለሁ? ሊሊ ቤት ናት። ለሷ ብሎ የሚያርፍ ሳል ይኖራል? ሌላስ... ቅዳሜና እሑድ ሰዓት አይጾምም። ጠዋት እበላለሁ። ኪኒኗንም ጠዋት እውጣለሁ።

ቆይ።

የሚያስለኝ ሳንባዬ ነው ወይስ ሌላ ነገር?


ረቡዕ፣ የካቲት 25

ሦስት ቀን ስመረምር ሰነበትኩ። ወርቅ ሠሪ ስሜት አያምንም፣ ይፈትናል።

ሰኞ፦ በልቼ ተኛሁ። ሳልኩ። ማክሰኞ፦ በልቼ ወንበር ላይ ቀጥ ብዬ ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። አልሳልኩም ማለት ይቻላል፤ ሁለቴ ብቻ። ዛሬ፦ በልቼ በቀኜ ተኛሁ፣ እሳት የመሰለ ኮምጣጣ ነገር እስከ ጉሮሮዬ ወጣ፣ ከዚያ ሳሉ ተከተለ። በግራዬ ዞርኩ፣ ረገብ አለ። ደግሜ በቀኜ። ወጣ። ደግሜ በግራዬ። ወረደ። እንደ ሕፃን ስገላበጥ ዋልኩ፤ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

መጀመሪያ ኮምጣጣው፣ ቀጥሎ ሳሉ። ሁልጊዜ በዚህ ቅደም ተከተል ነው። ቃር ማለት ነው። ግን ቃር ያስላል እንዴ? ደረት ያቃጥላል ሲባል ነው የምሰማው።

ካልሆነስ? ለራሴ የምመኘውን እየጻፍኩ ቢሆንስ...


ዓርብ፣ የካቲት 27

ረይሀና ያዘችኝ።

"ጋሼ ክፍሎም፣ ዶሮዎቼ ቂንጬ ከየት አገኙ?"

"ዕድል ነው። አንቺ ሩዝ ብቻ ትሰጫቸዋለሽ።"

"እኔ በጾሜ ሰው አላማም። ግን እርስዎ ቁርስ እየደፉ ነው።"

እሷም ረመዳን ላይ ናት፣ እኔም ሁዳዴ ላይ። ሁለት ጾመኞች በአንድ ግቢ፣ የጠገቡት ዶሮዎች ናቸው። ነገርኳት፣ ስለቱንም ሳሉንም። ሳቀች። ከዚያ መሳቋን አቆመች።

"ቃር ያስላል?" አልኳት።

"ያስላል እንጂ። እናቴን ሦስት ዓመት አስሏታል፤ አስም ነው ስንል ኖረን። እኔም ቃር አለብኝ። ኪኒኔን ሌሊት ሱሑር ከመብላቴ በፊት እውጣለሁ፣ ማታ ካፈጠርኩ በኋላ ወዲያው አልተኛም። ሐኪም ጠይቄ ነው የጀመርኩት። እርስዎ ማንን ጠየቁ?"

"ዶሮዎችሽን።"

"ለሊሊ ይንገሯት፤ አለዚያ እኔ እነግራታለሁ።"

"በጾሜ ሰው አላማም ብለሽ የለ?"

ተበሳጭታ ገባች። ግን ትክክል ናት።


እሑድ፣ የካቲት 29

ጠዋት ብበላ፣ ኪኒኗን በሰዓቷ ብውጣ፣ ይለይለታል። ቃር ከሆነ ይጠፋል። ካልጠፋ... ያው ሌላው ነው።

ስለቱስ? ፈጣሪ ሕይወቴን ሰጠኝ፣ እኔ ከቁርስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለውን ረሃብ ልሰጥ ቃል ገባሁ። ስለቴን መልሼ ብወስድ እሱም የሰጠኝን መልሶ ቢወስድስ? የሰባ አራት ዓመት ሰው እንዲህ ያስባል? ያስባል። እየጻፍኩት ነው።


ማክሰኞ፣ መጋቢት 1

የነፍስ አባቴ ጋ ሄድኩ። አባ ተስፋማርያምን በሃያ ዓመት እበልጣቸዋለሁ፣ እሳቸው ግን "ልጄ" ይሉኛል። ደስ ይለኛል፤ ሌላ ልጄ የሚለኝ የለም።

ሁሉንም ሰምተው ጢማቸውን ያዙ። "ሳትጠይቀኝ ተሳልክ። ሳትጠይቀኝ መድኃኒትህን አዛወርክ። አሁን ሲያቃጥልህ መጣህ።"

"አዎ፣ አባቴ።"

"የታመመ ሰው እየበላ ይጸልያል። ከነገ ጀምሮ ጠዋት ትበላለህ።"

"ስለቴስ?"

ትንሽ ፈገግ አሉ። ፈገግታቸውን አልወደድኩትም። "ሆድህን ፈታሁልህ፣ ምላስህን አሰርኩት። እስከ ፋሲካ በማንም ላይ አትቀልድ። ለምን ዝም አልክ ቢሉህም ጾም ነው አትበል። ጾም አይነገርም።"

"አባቴ፣ ሽሮውን ቢከለክሉኝ አይሻልም?"

"ይኸው ጀመርክ" አሉኝ።


ሐሙስ፣ መጋቢት 3

ሁለተኛ ቀን። ኪኒን፣ ግማሽ ሰዓት፣ ቂንጬ። ዶሮዎቹ ደጃፌ ላይ ቆመው አዩኝ። ምሳ ትንሽ፣ እራት ትንሽ፣ ከበሉ በኋላ መቀመጥ።

ዘርኡ ፀጉሩን ቀለም ተቀብቶ መጣ። እንደ ጫማ ጥቁር፣ ጆሮውም ጭምር። ባንኮኒው ጋ ቆሞ ጠበቀኝ፣ ለመልሱ ተዘጋጅቶ። "እንደምን አደርክ" አልኩት። ዞር ብሎ መስታወት አየ። "ምነው፣ አመመህ?" አለኝ።

የዋጥኩት ቃል ከቃር ይብሳል።


ሰኞ፣ መጋቢት 7

ሰኞ ነው፣ ሳሉም የለም! ሰኞ! እንደ እብድ ለብቻዬ ሳቅኩ። ከፈረሰው አጥር ሁለት ጡብ አንሥቼ በአልጋዬ ራስጌ እግሮች ሥር አስገባሁ። ዳገት ላይ እንደተኛሁ ነው፤ አራዳ ተወልጄ በዳገት አልቸገርም።


ረቡዕ፣ መጋቢት 9

ቤቱ ውስጥ ሹክሹክታ አለ።

ጠዋት ሔርሜላ ጉልበቱ የተቀደደ ሱሪ ለብሳ ፊቴ ቆመች። "አቦይ፣ አዲስ ነው።" እያየኋት ስንት ነገር መጣብኝ... "ያምርብሻል" አልኳት። ዓይኗ እንባ ሞላ። ለምስጋና?

ከሰዓት በኋላ ሊሊን ማእድ ቤት ሰማኋት፣ በስልክ። "ደህና ይበላል፣ አይስልም። ግን ዝም ብሏል። የምለውን ሁሉ እሺ ነው። እናቴም ልትሞት ሰሞን እንዲህ ነበረች።"

እንግዲህ ይህን ምን ልበለው? ስፈራ እየቀለድኩ ሳምንታት ደበቅኳቸው፣ ማንም አልጠረጠረም። አሁን ሲሻለኝ ሊቀብሩኝ ነው። መናገርም አልችልም።


ማክሰኞ፣ መጋቢት 15

ከፋሲካ በኋላ የነበረውን ቀጠሮዬን ሊሊ አስቀደመችው። ትናንት ደረቴን በማሽን አነሡኝ፣ ዛሬ ሐኪሙ ጋ ገባን።

"ምን ይሰማቸዋል?" አላት ሐኪሙ። እኔ አጠገቧ ተቀምጫለሁ።

"መቀለድ አቁሟል" አለች።

ወጣቱ ሐኪም እስክሪብቶውን አነሣ። "ከመቼ ጀምሮ?" አለ። እውነቴን ነው፣ ጻፈው። ሳቄ ሊያመልጠኝ... ቻልኩት።

"ሳልስ?" አለኝ። ሊሊ "የለም" አለች ቀድማ።

የሚደበቅበት ትራስ አልነበረም። "ነበረ" አልኩ። "ከየካቲት 11 ጀምሮ። ቅዳሜና እሑድ ያርፋል።" ሁሉንም ነገርኩት፣ ሽሮውን፣ ቀኝ ጎኔን፣ ግራ ጎኔን፣ ኪኒኗን። ሐኪሙ ወንበሩን ሳበ። ሊሊን ላለማየት የግድግዳውን ሰዓት አየሁ።

ፎቶውን ከፈተው። ዝም አለ። ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ... ጣቶቼን ቆጠርኩ፣ አሥር ናቸው።

"ሳንባው ንጹሕ ነው" አለ።

ከዚያ አስረዳኝ፤ ደግሞ እንዴት ደስ የሚል ነገር ነው። ከሳንባ ላይ ሲቀነስ ክፍት ቦታ ይተርፋል። በአንዳንድ ሰው ከሥር ያለው ሁሉ ወደዚያ ከፍ ይላል፣ ጨጓራም አብሮ ይሳባል፣ መዝጊያው ይላላል። አሲዱ ሾልኮ ወጥቶ ጉሮሮ ይነካል፣ ጉሮሮ ያስላል። ጨጓራዬ ባዶ ቤት አይቶ ገባ በለው! ኪኒኗም ከምግብ በፊት ካልተዋጠች ብዙ አትሠራም።

"ምርመራዎ ጥሩ ነው" አለኝ፣ "ግን አንድ ወር ሳይነግሩን መርምረዋል። ሌላው ቢሆን ኖሮ ያ ወር ከባድ ነበር።"

"ልክ ነህ" አልኩት።

ከሊሊ ጋር እስከ ፒያሳ በታክሲ ሄድን። ስትወርድ "እርስዎ ሰው አይደሉም" አለችኝ። እርስዎ የምትለኝ በጣም ስትቆጣ ብቻ ነው።


ሐሙስ፣ መጋቢት 17

"ሳሉን ደበቅክ። ዝምታውስ? ደግሞ ምን ደብቀሃል?" አለችኝ ሊሊ።

"አልችልም፣ ልጄ።"

ተነሥታ አባ ተስፋማርያም ጋ ሄደች። ስትመለስ ከደጅ ጀምሮ ሳቋ ይሰማል። እሳቸው ነግረዋታል። ጾም አይነገርም ያሉት ለኔ ብቻ ነው መሰለኝ።

ደስታዬ ግማሽ ቀን አልቆየም። ለካ አሁን ሁሉም አውቋል፣ መልስ መስጠት እንደማልችል።


እሑድ፣ መጋቢት 27

ሆሣዕና። ዐሥር ቀን ሙሉ ቤቱ ጥርስ አወጣብኝ። ሔርሜላ ከላይ እስከ ታች ታየኝና "አቦይ፣ ይህ ሱሪ ከስንት መንግሥት በፊት ነው?" ረይሀና ዶሮዎቿን ይዛ ደጃፌ ላይ ቆማ፣ "ጋሼን ሰላም በሏቸው፣ አሳዳጊያችሁ ናቸው።" ዘርኡ ሰው ሰብስቦ "ከሁለታችን የተሻለው አንጥረኛ ማን ነው?" ይለኛል። እሺ። ሁሉንም እሺ። ለካ የሚቀለድበት ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው... የዘርኡ ልጅ ስምንት ወር ያፌዝኩበትን ጢሙን የላጨው በኔ ይሆን?

ሊሊ ጠዋት ጠዋት ትጠይቀኛለች። "ሳልክ?" እውነቱን እነግራታለሁ። አብዛኛውን ቀን አልሳልኩም ነው።


እሑድ፣ ሚያዝያ 4

ፋሲካ። ሁሉም ገበታው ዙሪያ ተቀምጠው አፌን ያያሉ። ዘርኡም እንኳን አደረሳችሁ ለማለት ቀድሞ መጥቷል፤ ፀጉሩ ከሥሩ ነጭ አብቅሏል። ብዙ ይዤ ነበር፣ አንዱን ብቻ ጣልኩ፦ "ዘርኡ፣ ከላይ ተቃጥሎ ከታች በረዶ የሆነ ተራራ አይቼ አላውቅም።" ከሁሉም በላይ የሳቀው ራሱ ነው። ሌሎቹን ለሌላ ቀን አቆየኋቸው።

ዶሮ ወጡ ጣመኝ፣ አንድ ቁራጭ ደገምኩ። ብዙም ሳይቆይ ኮምጣጣው ወጣ፣ ሳልኩ። በገበታው ሁሉ ፊት።

"ሳልክ" አለች ሊሊ።

"ሳልኩ። በሁለተኛዋ ቁራጭ ነው፤ በርበሬው በዝቷል።"

ስልክ አላነሣችም። ፊቷም አልተለወጠም። ሳህኑን ከፊቴ ወሰደችና "በቃህ፣ ቀና ብለህ ተቀመጥ" አለችኝ፣ ወደ ወሬዋም ተመለሰች።

ማንም አልደነገጠም። እኔም አልደነገጥኩም።