ቀይዋና ጆሮዬ

ኔልሰን ክሪክ፣ ዊስኮንሲን
ኦገስት 28 ቀን 2011

ለብሪትዬ፣ እዚያ ሊዝበን ፀሐይ እየሞቀች እኛን ለረሳችን ቀበጥ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ የኔ እናት? ባልሽ ቲያጎስ ደህና ነው? ያቺ ጉንጯ የሚያስነክሰው የልጅ ልጄ ኢኔስስ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም አልከዳኝም፣ ምግቡም ይበላልኛል። አክስትሽ ቨርና በየሳምንቱ ያንን ኮምጣጣ የሩባርብ ኬኳን ይዛ ከች ትላለች። እንደማልወደው ዕድሜ ልኬን ነግሬያታለሁ፣ እሷ ግን ትህትና ይመስላታል መሰለኝ ጨምራ ትቆርስልኛለች።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። "ስልክ የማታነሳው ሩቅ አገር በማግባቴ ተቀይመህ ነው፤ የልጅ ልጅህን ማወቅ ካልፈለግክ ቁርጡን ንገረኝና መደወሌን ልተው" ብለሻል። አንጀቴ ቅጥል አለ፣ ብሪትዬ። እኔ አንቺን? ቅያሜ የሚባል ነገር በልቤ የለም። ቲያጎንም የሞተር ካንዴላ ሲፈታ ካየሁት ቀን ጀምሮ ወድጄዋለሁ፤ ሳይታገል፣ ቀስ ብሎ ነው የሚፈታው። እንዲህ ያለ ሰው ሚስቱንም አያስቀይምም። ስልኩን ያላነሳሁበት ምክንያት ሌላ ነው። እሱን ለመናገር ግን ከቀይዋ መጀመር አለብኝ። አትሳቂ!

ቀይዋን መቼም አትረሻትም። ያቺ የ1963ቷ የጓሮ ትራክተሬ፣ ነፍሷን ይማረውና እናትሽ "ከኔ ይልቅ ከሷ ጋር ነው የምታወራው" እያለች የምትቀናባት፤ አንቺም ሳር አጭዳለሁ ብለሽ የእናትሽን ቲማቲም ከነሥሩ የጠረግሽባት። ዘንድሮ የበረዶውን ወራት በሙሉ ጋራዥ ውስጥ ፈታትቻት ከረምኩ። ኮፈኑን ሳነሳ አይጦች በሞተሩ ዙሪያ ሰፈር መሥርተዋል። ጎጆውን የሠሩት በምን መሰለሽ? ስፈልገው በከረምኩት የሱፍ ጓንቴ! እሱን ጠራርጌ፣ ካርቡሬተሩን አጥቤ፣ እሳት የሚሰጣትን ፑንቲና ሞርጄ፣ የሞተሩን ክዳን ቴስታታውን ከፍቼ የዘመናት ጥላሸቱን ፋቅኩላት።

የቀረው ማስተካከሉ ነበር። እሱን ደግሞ አባትሽ በጆሮው ነው የሚሠራው። ቤንዚኑን የምትመጥነውን የካርቡሬተሩን ብሎን ትንሽ ትንሽ እያዞርኩ አዳምጣለሁ፤ ሞተሩ ሲያደናቅፈው መለስ አደርጋታለሁ፣ አለቀ። ሰው የታመመ ትራክተሩን ከሩቅ ጭኖ የሚመጣው ለዚህች ጆሮ ብሎ ነው። "ኦሪን ይስማት" ይላሉ። ዓይኔን ጨፍኜ እሰማና "ቫልቭ ነው" እላለሁ፤ ሲከፍቱት ቫልቭ ይሆናል። ኩራቴ እሷ ነበረች ልጄ። ዘንድሮ ግን ብሎኗን ባዞራት ባዞራት ለውጥ የለም። እጄን ኮፈኑ ላይ ጭኜ በንዝረቷ ገመትኩና "እንዲህ ጸጥ ብላ ሠርታ አታውቅም!" ብዬ ተደሰትኩ።

በዚህ ደስታዬ ነው እንግዲህ ወደ አውራጃው የእርሻ ትርዒት ይዣት የሄድኩት፣ ትራክተሮች ክብደት እየጎተቱ ለሚፎካከሩበት የጉተታ ውድድር። ትራክተሮቹ ተራቸውን እየጠበቁ ተሰልፈዋል፤ መሬቱ ራሱ ይንቀጠቀጣል። ቋሊማ ልገዛ ዞር ስል ዱዌይን፣ ያ የዕድሜ ልክ ጎረቤቴና ተፎካካሪዬ፣ ሞተሯ ይሙቅላት ብሎ አስነስቶልኛል። ደግነቱ አይጣል ነው! ተመለስኩና ቆሜ፣ በመሪው ላይ እጄን አሻግሬ ቁልፉን አዞርኩት።

ብሪትዬ፣ የተነሳ ሞተር ላይ ማስነሻውን ሞተሪኖ ሲያሽከረክሩ ምን ዓይነት ጩኸት እንደሚወጣ ታውቂዋለሽ። ጥርስ ያረግፋል። ሰዉ ሁሉ ጆሮውን ይዟል፣ አንድ ውሻ ከአጥሩ ሥር ሊገባ ይቆፍራል። እኔ ቋሊማዬን በአንድ እጄ፣ ቁልፉን በአንድ እጄ ይዤ፣ ፈገግ ብዬ ቆሜያለሁ። "ዛሬ ደግሞ ምን ነካት፣ አልነሳ አለችኝ" እያልኩ! ዱዌይን እየሮጠ መጥቶ እጄን መነጨቀኝ። "አንተ ሰውዬ፣ ልቀቃት! ተነስታለች እኮ! ልትገድላት ነው?" ነው አሉ ያለኝ። ያኔ አልሰማሁትም፤ ኋላ አገሩ ሁሉ እየደጋገመ አስጠናኝ።

በዚህ ቢበቃኝ ጥሩ ነበር። ክብደቱ ተያይዞላት ባንዲራው ሲውለበለብ ትንሽ ተንፏቀቀችና ጥቁር ጭስ ተፍታ ቀጥ አለች። የመጨረሻ ወጣሁልሽ። በዱዌይን በዚያች በሽቦ ተጠፍራ በቆመች የዛገች ትራክተር ተበለጥኩ! እሱ ጉልበቱን እየመታ ይስቃል፣ እኔ የቤንዚኑ ጥፋት ነው እያልኩ እቀባጥራለሁ።

ከዚያ ቨርና መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች። ከንፈሯን እንዳየው ቃሉን እየለየች፣ "ኦሪን፣ አሁን ከጀርባህ ቆሜ የቀረኝ ስድብ የለም። አንዱንም አልሰማህም። አንተ ደግሞ ስድብ ሰምተህ ዝም የምትል ሰው አይደለህም" አለችኝ።

"ሞተሩ በዝቶ ነው" አልኳት።

"ሞተሩን ተወው። የብሪታን ስልክ የማታነሳው ለዚህ ነው፣ አይደል? እህቴ ብትኖር ይቺኑ ጆሮህን ይዛ ነበር ሐኪም ቤት የምትጎትትህ።"

አቀረቀርኩ። አፈርኩ ልጄ። ጆሮዬ ከዳኝ ብል ማን ነኝ ታዲያ? ማን ትራክተሩን ያመጣልኛል? አንቺም "አባዬ ብቻውን መኖር አይችልም" ብለሽ ቤቱ ይሸጥ እንዳትይ ፈራሁ። ስልኩን መጀመሪያ ሰሞን አነሳው ነበር፤ ጭው የሚል ነገር ብቻ ነው የሚሰማኝ። "እሺ፣ እሺ" ብዬ እዘጋለሁ። ምን ላይ እሺ እንዳልኩሽ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ፍየል ልላክልህ ብለሽኝ ከሆነ ተይው። ኋላ ማንሳቱንም ተውኩት። አንቺ በቅያሜ ትተረጉሚዋለሽ ብዬ አላሰብኩም። ጅል ነኝ።

ለማንኛውም ቨርና በእህቷ ፈንታ ሐኪም ቤት ጎተተችኝ። ሐኪሟ የባቄላ ፍሬ የምታህል የመስሚያ መሣሪያ በየጆሮዬ ወተፈችልኝ። ወደ ቤት ስነዳ የመኪናዬ ፍሬቻ ይጮሃል ለካ! ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። መንገዱን ሁሉ ያለ ምክንያት እያበራሁት ሄድኩ።

ከዚያ ቀይዋን አስነሳኋት። እግዚኦ! ድስትና ክዳን በጆንያ ሞልተሽ ደረጃ ላይ የለቀቅሽው በይው። የጭስ ማውጫው ማርሚታ ብሎኑ ላልቶ ይንኳኳል፣ ቫልቩ ይጮሃል፣ ቤንዚን በዝቶባት ታስላለች። እኔ ደግሞ እሷን ይዤ በየጠዋቱ ነው ሳር የማጭደው! ጎረቤቶቼ ስንት ቻይ ናቸው? ያው ካቻቢቴዬን አነሳሁ። ማርሚታውን አጠበቅኩ፣ ቫልቩን አስተካከልኩ፣ ብሎኗን ዓይኔን ጨፍኜ እያዳመጥኩ አዞርኳት። አደናቀፋት። መለስ አደረግኳት። አሁን ብትሰሚያት ልጄ! ዱዌይን ከአጥሩ ማዶ አንገቱን አስግጎ "ማናት እሷ?" አለኝ። "በሚቀጥለው ወር የምታሸንፍህ ናት" አልኩት።

እጄን ታጠብኩና ወደ ስልኩ መልእክት መቅረጫ ሄድኩ። መብራቱ ከፀደይ ጀምሮ ብልጭ ድርግም ይላል። ያንቺን ሁሉ በተራ ሰማሁ። መጀመሪያ ትስቂያለሽ። ከዚያ ትለምኛለሽ። ከዚያ ትቆጪያለሽ። የመጨረሻው ላይ ግን አንቺ አይደለሽም፤ ስልኩን ለኢኔስ ሰጥተሻት ኖሯል። "ቡ፣ ቡ፣ ቡ" ትላለች፣ ትንፋሿን ትስባለች፣ እንደገና "ቡ፣ ቡ" ትላለች። አንቺ ከወዲያ "አያትሽን ጥሪው፣ ያነሳል" ትያታለሽ።

ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ፎቶዋን በየቀኑ ሳይ ከርሜ ድምፅ እንዳላት ረስቼው ነበር። ስንቴ እየመለስኩ እንደሰማኋት አልነግርሽም። ባለሙያ ነኝና ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፦ እንደ ቆመ ሞተር ቡ ቡ የምትልበት ሚኒሞዋ ልክ ነው። ምንም እንዳትነኩባት።

በሉ እንግዲህ፣ ጤናው ይብዛላችሁ፣ ሳቅ ከቤታችሁ አይታጣ፣ የልጅቷ ጥርስ ያለ ለቅሶ ይብቀል። እሁድ ደውይ። የትም አልሄድም። መጀመሪያ ለሷ ስጫት፣ "ቡ፣ ቡ" ትበለኝ። ከዚያ አንቺ የፈለግሽውን ያህል ተቆጪኝ፤ ቁጣሽንም ናፍቄዋለሁ።

አነሳለሁ።

አባትሽ ኦሪን

የስልኩ ሽቦ ጋራዥ እንደማይደርስ አሁን ለክቼ አረጋገጥኩ። ስለዚህ ቅዳሜ ከዱዌይን ጋር ቀይዋን ገፍተን ከወጥ ቤቱ መስኮት ሥር እናቆማታለን። ለኢኔስ አስነስቼ አሰማታለሁ።