ፊቴ በግማሽ የታጠበ ዕለት

ይድረስ ለምወድሽ ለእትዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ እንዴት ነው፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ጸጉር መሥራቱ አሁንም ያምሻል? እማዬ ጉልበቷ ተሻላት? ደረጃውን ብቻዋን መውረድ ጀመረች ወይስ አሁንም ባልሽ ነው የሚደግፋት? ትንሿ ልጅሽ የፊት ጥርሷ በቀለላት? እኔ እዚህ በሰው አገር ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እገባለሁ። ከዚህ በላይ የሚወራ ነገር የለኝም።

በአክስታችን ልጅ በኩል የላክሽው መልእክት ደርሶኛል። ሜካፕ አጥርቶ የሚያነሳ የፊት ማጽጃ የትኛው እንደሆነ ጠይቁልኝ ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሰላምታ የለው፣ ስሜ የለበት። አምስት ወር ሙሉ ፊት ነስተሽኝ፣ ስልኬን ሳታነሺ ቆይተሽ፣ በመጨረሻ ስለ ፊት ማጠቢያ ጠየቅሽኝ። ብታምኚም ባታምኚም ደስ አለኝ፤ ደስታ የሚባለው እንዲህ ከሆነ ማለቴ ነው። ደጋግሜ አነበብኩት። ስልክ ስለማታነሺ መልሴን ጽፌ ከምልክልሽ ሁለት የማጽጃ ጠርሙሶች ጋር አድርጌዋለሁ፤ መቼም ዕቃውን መክፈትሽ አይቀርም።

መጀመሪያ የጠየቅሽውን ልመልስ። የምታስውቢያቸው ሙሽሮች ተመልሰው መጥተው ዓይናችን አበጠ፣ ጉንጫችን ተላጠ ያሉሽ ከሆነ ጥፋቱ የሜካፑ አይደለም፣ የማንሻው ነው። ውኃ የማይበግረውን የሽፋሽፍት ማስካራ በሳሙና ሲፈትጉት ከነቆዳው ነው የሚነሳው። አባዬ ትዝ ይልሽ የለ፣ ግድግዳ ሲቀባ ውሎ ሲገባ እጁ ላይ የደረቀውን የዘይት ቀለም በምግብ ዘይት እያሸ ነበር የሚያስለቅቀው። እማዬ ዘይቴን ለእጅህ ጨረስከው እያለች ስትነጫነጭ፣ እሱ ደግሞ ነይ አንቺንም ልቀባሽ እያለ በየክፍሉ ያሳድዳት ነበር። ነገሩ ያው ነው። በትልቁ ጠርሙስ ያለው ዘይት ነው፤ በደረቅ እጅ፣ በደረቅ ፊት ላይ ይታሻል። ውኃ ካስቀደምሽ አይሠራም፣ አደራሽን። ቀስ ብለሽ ስታሺው ሜካፑ ይሟሟል፤ ከዚያ ትንሽ ውኃ ጠብ ስታደርጊበት ወተት ይመስላል፣ ያኔ ታለቀልቂዋለሽ። የትንሹ ጠርሙስ ለስላሳ ማጠቢያ የቀረውን ዘይት ይወስዳል። ለዓይን ከሆነ ጥጡን በዘይቱ አርሰሽ፣ ልጅቷ ጨፍና ሳለች ክደኚላትና እስከ ሃያ ቁጠሪ። እንዳትፈትጊ። ታጥባ ስትጨርስ ፊቷ ከተወጠረባት ማጽጃው ኃይለኛ ነውና ተዪው። ሽታው ከሩቅ የሚያውድም ከሆነ አትግዢው፤ ሽቶ ለአንገት እንጂ ለዓይን ምን ያደርጋል?

ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ሥራዬን አፍረጥርጬ ነግሬሽ አላውቅም፤ መዋቢያ መደብር ውስጥ ነኝ ብቻ ነበር የምልሽ። ሻጭ አይደለሁም። መደብሩ መግቢያ ላይ ከፍ ያለ ወንበር አለ፣ እዚያ ላይ በቀን ስድስት ዙር እቀመጣለሁ። ድምጿ ሕንፃውን ስለሚያናጋ ማይክራፎን የምንላት ሻጭ አላፊ አግዳሚውን ሰብስባ የግራ ግማሽ ፊቴን በማጽጃው ታጥበዋለች። ቀኙ እንደተቀባ ይቀራል። ሰዉ አንዴ ይህን አንዴ ያንን እያየ ጉድ ይላል፣ ጠርሙስ ይገዛል፣ ይሄዳል። እኔ ወደ ጀርባው ክፍል እገባለሁ፣ ግራው እንደገና ይቀባል፣ እንደገና እወጣለሁ። ግራ ጉንጬ ከደነዘዘ ቆይቷል፤ ሲነኩኝ አይታወቀኝም። ባለፈው አንዲት ደንበኛ በጣቷ ነካ አድርጋኝ የእውነት ቆዳ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ማይክራፎንም የሁለት ዓመት ዋስትና አለው አለቻት። እኔም የሳቅኩ መሰለኝ።

እንግዲህ ያን ቀን። ከሦስተኛው ዙር ወርጄ ስልኬን ስከፍት የባልሽን መልእክት አየሁ። አባዬ ጠዋት አርፏል፣ ቤቱ በሰው ተሞልቷል፣ እማዬ ፊትሽን ማየት ትፈልጋለችና ደውይ ይላል። መስታወቱ ፊት ቆምኩ። ግማሹ ታጥቧል፣ ግማሹ ከነቀለሙ ነው። ማይክራፎን አቅፋ ይዛኝ፣ ሂጂ ወደ ቤትሽ፣ ለአለቃው እኔ እነግርልሻለሁ አለችኝ። ዘይቱ እጄ ሥር ነበር እትዬ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ግን ብሩሹን አነሳሁና የታጠበውን ቀባሁት። ቀዩን ሊፕስቲክ ሳይቀር። ከዚያ በቪዲዮ ደወልኩልሽ።

የቀጠለውን ታውቂዋለሽ። ስልኩን ከሰው ወደ ሰው ስታዞሪው ሴቶቹ አንድ በአንድ እያዩኝ ዓይናቸውን ከስልኩ አነሱ። አክስታችን፣ ዓይኗን በጨው ታጥባ፣ ተኳኩላ አባቷን ልታለቅስ መጣች ስትል ሰማሁ። እማዬ ስልኩን መለሰችልሽ። አንቺ ዘጋሽው።

ከዚያ ወዲህ፣ ሳትታጠብ የደወለችው ሥራ ላይ ሆና ነው፣ ጊዜ አጥታ ነው እያልኩ በሰው ሳስነግርሽ ነበር። ውሸቴን ነው። ጊዜ ነበረኝ፣ ፈቃድም አግኝቼ ነበር። የፈራሁት የታጠበውን ፊት ነው። ቁርጥ አባቷን እያላችሁ ያሳደጋችሁኝ እናንተው አይደላችሁ? ቀለሙ ሲነሳ አፍንጫው፣ ግንባሩ፣ አገጩ ሁሉ እሱ ነው። መስታወቱ ውስጥ ግማሽ አባዬ ቆሞ አየኝ። ላየው አልቻልኩም፤ ሸፈንኩት። ከዚያም የቀሩትን ሦስት ዙሮች ወንበሩ ላይ ወጣሁና ጨረስኩ።

ያኔ አላለቀስኩም፣ እስከ ዛሬም አላለቀስኩም። ሞክሬያለሁ። በዕረፍት ቀኔ በር ዘግቼ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት፤ አልመጣም። ሽንኩርት ስከትፍ ዓይኔ ያነባል፣ እሱ አይቆጠር። ይህን የምጽፈው እንድታዝኚልኝ አይደለም። እንባዬን አይተሽ ልትታረቂኝ እየጠበቅሽ ከሆነ መቼ እንደሚመጣ እኔም ስለማላውቅ ነው። ጥፋቴን ግን አውቀዋለሁ። አንቺን በሰው ፊት አዋርጄሻለሁ። እማዬ እሱን ባጣችበት ቀን እሱን የሚመስል ፊት ፈልጋ ነበር፣ እኔ ከለከልኳት። ይቅር በይኝ እትዬ።

እሁድ ሥራ የለኝም። ጠዋት ፊቴን በደንብ ታጥቤ በስልክሽ እደውላለሁ። አንቺ ባታናግሪኝ እንኳ ከፍተሽ ለእማዬ ስጪያት። ታየኝ፤ ከፈለገች ትስደበኝ።

በይ እንግዲህ፣ እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ትንሿን ልጅሽን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚያት፣ ዘይቱን ደግሞ አሻንጉሊቷን እንዳትቀባበት ከፍ አድርገሽ አስቀምጪው። ባልሽን፣ ያን መልእክት የመጻፉ ዕዳ በእሱ ላይ በመውደቁ አዝኛለሁ በይልኝ። አክስታችንንም ሰላም በያት፤ አልተቀየምኳትም፣ ያየችውን ነው የተናገረችው። ለአባዬም፣ ቀለም ሲቀባ መስኮቱን መክፈት እንዳይረሳ ንገሪልኝ።

ይኸው። እጄ ለምዶበት ጻፈው። ልሰርዘው ብዬ ነበር፣ ተውኩት። ዓይኔ አሁንም ደረቅ ነው፤ ጽሕፈቴ ግን ከዚህ መስመር ወዲህ ተበላሽቷል፣ አንቺው ታዪዋለሽ። እሁድ ስልኩን አንሺው።

ታናሽ እህትሽ

ከመደብሩ ጀርባ፣ ከሠራተኞች ማረፊያ ክፍል
ማክሰኞ፣ የካቲት 9 ቀን