ከእናታችን መቃብር የተደፋው ውኃ

ይድረስ ለወንድሜ ለፌርሚን፦

እንዴት ከርመሃል፣ ወንድምዓለም? ያ የወገብ ሕመምህ ተሻለህ? ኦፌሊያስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛም መክረም ከተባለ ከርመናል። ፊደሉ ተንጋዶ ብታየው አትቆጣ፤ ምክንያቱን ትደርስበታለህ።

ዘንድሮ ዝናቡ እንደገባ የደንጊ ትኩሳት መንደራችንን ፈጀው። ሦስት ሕፃናት ቀበርን። በአደራ የሰጠኸኝ ልጅህ ማሪሴላ ለምርምሯ ቤት ለቤት ስትዞር ነው የከረመችው። በሽተኛ ያለበትን ቤት ሁሉ ካርታ ላይ በቀይ ነጥብ ስታመለክት፣ ነጥቦቹ የመንደሩን መቃብር ስፍራ ከበው ቁጭ አሉ። ለካ ለሙታን አበባ በምናኖርባቸው ማሰሮዎች ውኃ ውስጥ ትኩሳቱን የምታዛምተው ትንኝ እጭ ይርመሰመሳል። ውኃውን ደፍተን እርጥብ አሸዋ እንሙላበት ብላ ለመነች። ማን ይስማት? ሙታን በበዓላቸው ቀን ተጠምተው እንደሚመጡ እሷም ታውቃለች። እኔም ትምህርት ናላሽን አዞረው እንዴ ብዬ ተቆጣኋት።

የሙታን በዓል ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ማሪሴላ የመቃብሩን ውኃ እየደፋች ነው የሚል ወሬ መጣ። መንደሩ ዱላና ገጀራ ይዞ ነቅሎ ወጣ። ከፊት ማን እንደነበረ ልንገርህ? እኔ ነበርኩ። ስደርስ የእናታችንን ማሰሮ ዘቅዝቃ ይዛለች። ደሜ ፈላ። «እናቴን ውኃ ነሳሻት!» ብዬ በአካፋ እጀታ ቀኝ ክንዷ ላይ አሳረፍኩባት። አጥንቱ ሲሰበር ሰምቼዋለሁ። «አክስቴ፣ እኔ ነኝ እኮ» አለችኝ። ደገምኳት።

የገዛ አክስቷ ከመታቻት ሌላው ምን ይፈራል? ድንጋይ ዘነበባት። ግንባሯ ተፈንክቶ ደሟ በእናታችን መቃብር ላይ ወረደ። ልጁን በዚሁ ትኩሳት የቀበረው ከብት አራጁ ሲሪሎ ገጀራውን ሲያነሳ ነው ልቦናዬ የተመለሰው። ላይዋ ላይ ተጋደምኩ። ገጀራው ትከሻዬን ቀደደው። ሲሪሎ ደሜን ሲያይ ገጀራውን ጥሎ እዬዬ አለ፤ ሰዉም አንድ በአንድ ተበተነ።

ዛሬ የእናታችንን ማሰሮ በገዛ እጄ አሸዋ ሞላሁት። ሴቶቹ ምራቃቸውን ተፉብኝ። ይትፉ። ነገ የሲሪሎን ልጅ ማሰሮ እሞላለሁ፤ አሸዋውን እሱ ራሱ አመጣለሁ ብሏል። ማሪሴላን ልውሰዳት ብለህ ብትመጣ አልከለክልህም። አደራ በላ ነኝ፣ ምን አፍ አለኝ?

ኦፌሊያን ጉንጭ ለጉንጭ ሳምልኝ። ኔሬዎን በርታ በልልኝ፣ ዳሊላን እቀፍልኝ፣ አማትህንም ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

እኔ ፊደል እንዳልቆጠርኩ ታውቃለህ። እንደ ወትሮው የጻፈችልኝ ማሪሴላ ናት፤ ቀኝ እጇ ጀሶ ውስጥ ስለሆነ በግራዋ። የመታሽኝን ነገር እንዝለለው ብላኝ ነበር፤ እንቢ አልኳት። «ደገምኳት» የሚለውን ሁለት ጊዜ ሰረዘችው፤ ሁለቴም መልሼ አስጻፍኳት።

እህትህ ኤውላሊያ
ኤል ሳውሳል፣ ቬራክሩስ
ኖቬምበር 6 ቀን 2019